ልቧ ሰንበቴ የወጣባት ዘሃራ

ትናንት ከሰዓት ደሴ ሆስፒታል ውስጥ በግራ እጇ እጄን ጨብጣኝ ነበር። ጥብቅ አድርጋ። «ትድናለች» ብዬ ነው ተሳፍሬ ወደ ከሚሴ የተመለስኩት። ዛሬ ጧት ወንድሟ ደውሎ «ኢና ሊላሂ» ሲል፣ የሌላ ሰው ስም እስኪጠራ ጠበቅሁ።

አልጠራም።

ዘሃራ ሞታለች። ቅቤ ነጋዴዋ ዘሃራ፣ ለሃያ ዓመት ጎረቤቴ የነበረችው። አንዱ የቅቤ ቅሏ አሁንም እኔ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ስታስቀምጠው «ሰኞ እወስደዋለሁ» ብላ ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበሯት። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሲሄዱ እኛ ሴቶቹ በሯ ላይ ቀረን። ማውራት እንደማልችልበት ታውቃላችሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ዘሃራ ስኳር እንዳለባት ካወቀች አሥር ዓመት አልፏል። ኪኒኗን አንዳንዴ ትውጣለች፣ አንዳንዴ ትረሳለች። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ ልቧ በድንገት ትነሳባት ጀመር። ያን ጊዜ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ደሞ ልቤ ሰንበቴ ወጣች» ትላለች። የእሁዱን የሰንበቴ የከብት ገበያ ያያችሁ ይገባችኋል፤ በሬው፣ ግመሉ፣ ደላላው፣ ሁሉም ባንዴ ሲራወጥ።

እኔ ፊደል የለየሁት ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። እስካሁንም የተጻፈበትን ሳላነብ አልጥልም። አንድ ቀን የእርድ ዱቄት የተጠቀለለበትን ስፈታ፣ ወረቀቱ ስለ ስኳር በሽታ ነው። የታችኛው ግማሽ ተቀዷል። «ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፤ እነዚህ ስኳር ሲወርድ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ጣፋጭ ነገር ይስጡ» ይላል። ሮጬ ሄጄ አነበብኩላት።

«ወላሂ የኔን ነው የጻፉት!» አለች። «አንቺን የመሰለች ሐኪም አጥር ለአጥር እያለችኝ፣ ክሊኒክ ምን አንከራተተኝ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ከረሜላ ቋጥራ ትዞር ነበር። ልቧ ስትነሳባት ትፈታና አንድ አፏ ውስጥ ታደርጋለች። ጥቂት ቆይቶ ልቧ ጸጥ ትላለች። ሁለታችንም «ከረሜላው ነው» አልን። ለካ በራሷ ጊዜ የምትነሳ፣ በራሷ ጊዜ ጸጥ የምትል ልብ ኖራለች።

አንድ ጊዜ እንዲያ ስትሆን ክሊኒክ ወሰድኳት። ጣቷን ወግተው ሲለኩ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ «ልብሽን ደሴ ሄደሽ ታዪ» አለቻት። መንገድ ላይ ትስቅብኛለች።

«ከረሜላ በልቼ ሄጄ ታዲያ መለኪያው ምን እንዲያሳይ ኖሯል? አቦ ተይኝ!»

እኔም ሳቅሁ። ግን ስደግፋት የእጇ ምት ጣቴ ላይ ነበር። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንድ ከባድ፣ ደሞ ሦስት የተጣደፈ። ልክ እንዳልሆነ ታውቆኛል። «ነገውኑ ደሴ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ማን ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው እሁድ ሰንበቴ ገበያ መሃል፣ ከአፋር ሴቶች ቅቤ እየገዛች ወደቀች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አፏ ተያዘ።

ደሴ ሆስፒታል አንድ ወጣት ዶክተር አስረዳኝ። ልቧ የምትመታው ያለ ሥርዓት ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ላይ፣ በተለይ ዓመታት ሲቆይ፣ ይህ ይበዛል አለኝ። ልብ እንዲያ ስትመታ ውስጧ ያለው ደም ይረጋል፤ የረጋው ነው ወደ ጭንቅላቷ የሄደው። በጊዜ ቢታወቅ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር።

«ልቧ ስትነሳባት ከረሜላ ትበላ ነበር» አልኩት።

«ማን ነው እንዲያ ያላት?»

«እኔ።»

ትንሽ አየኝና «ስኳሯ ወርዶ ቢሆን ልክ ነበርሽ» አለ። «ግን ሳይለካ አይታወቅም።»

እሷ መናገር አቅቷት ተኝታ፣ ግራ እጇ የአንሶላውን ጠርዝ ይዳብስ ነበር። ጠርዙን ጠርዙን። ምን እንደምትፈልግ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። የነጠላዋን ቋጠሮ።

ወረቀቱ የሚለው እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ግን አልፈለግሁትም።

ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው «ልቤ» ካለ ስኳሩን አስለኩለት። መለኪያ ከሌለ ጣፋጩን ስጡት፣ ግን በዚያ አታብቁ፤ ውሰዱትና ልቡ ይታይ። የእጁን ምት ያዙ። ተዘበራርቆ ካገኛችሁት እንደኔ ዝም አትበሉ።

ዘሃራዬ፣ ነጠላሽ እኔ ጋ ነው። ቋጠሮው ውስጥ ሦስት ከረሜላ አለ። አልፈታሁትም፣ በጣቴ ዳብሼ ነው ያወቅሁት። ቅቤሽን ለልጆችሽ አደርሳለሁ።

ነገ ጧት በአጥሩ በኩል «አካም ቡልቴ፣ ሐኪሟ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ የሚለኝ የለም። በዚያ ስም ስትጠሪኝ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ገበያው ተበትኗል፣ ዘሃራዬ። ልብሽ ከሰንበቴ ትመለስ። ደህና እደሪ።