«ሌላ» ብዬ የጻፍኩት ምች

ዛሬ እማማ ዘሀራ ሦስተኛዋን ልጃቸውን ደግፈው ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ መግቢያ ጠፋኝ።

እኔ እዚያ በሽተኛ መዝጋቢ ነኝ፤ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ! ክረምቱ እንደወጣ ከሐይቅ ዳር መንደራቸው ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው «ልጆቼን ምች መታብኝ» ብለውኝ ነበር። መዝገቡ ላይ ምች የሚል ቦታ ስለሌለ «ሌላ» ብዬ ጻፍኩ።

የልጆቹ ደም ሲመረመር ወባ ሆነ፤ ታከሙ። እኔ ግን ተመልሼ አላረምኩትም።

የወባ ሳምንታዊ ሪፖርት የሚሠራው ከዚያ መዝገብ ነው፤ የሚረጨው መንደር የሚመረጠውም በሪፖርቱ ነው።

ዛሬ «የወባ መድኃኒት የሚረጩት መንደራችንን ዘለውት ሄዱ» አሉኝ። የዘለልኳቸውስ እኔ ነኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። «አብሽሪ ልጄ፤ ይቺኛዋንስ ጻፍሻት?» አሉኝ።

እናንተስ «ሌላ» ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው የለም? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልፈር።