ጡሩንባ የተነፋላት ሚኒባስ

በእኛ ሰፈር የእድሩ ጡሩንባ ሲነፋ መልእክቱን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው የለም። ጡሩንባ ማለት ሞት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይጣራል። ይህን የእድራችን ዳኛ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ታዲያ ያን ቀን ምን ነካቸው? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና አንድ ገበሬ ገጭቶ ገድሎ አመለጠ። ፖሊስ በቴሌግራም ማስታወቂያ ለቀቀ፦ ነጭ ሚኒባስ፣ የግራ የፊት መብራቱ የተሰበረ፣ ያየ ይጠቁም። ዳኛው ደግሞ «ሽማግሌ ቴሌግራም የት ያውቃል?» ብለው ጡሩንባ ነፊያችን በየመንደሩ እየዞረ እንዲለፍፍ አዘዙት። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከቀብር በቀር ለፍፎ አያውቅም። በማለዳ ነፋና «ነጭ ሚኒባስ! የግራ መብራቱ የተሰበረ!» ካለ በኋላ፣ አፉ ስለለመደ፣ «ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው» ብሎ አረፈው።

በሰፈሩ መብራቱ የተሰበረ ነጭ ሚኒባስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ነኝ።

ጥርሴን እየቦረሽኩ በሩን ብከፍት ለቅሶ ደጄ ደርሷል። ጎረቤቴ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ስትደቃ አየችኝና ቀጥ አለች።

«አለህ እንዴ?» አለችኝ። ለምን ይዋሻል፣ ቅር ያላት ነው የመሰለኝ።

ከኋላ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው የመጡት ሰዎች ደግሞ ያን ሁሉ ሸክም እንዲሁ መመለስ አልሆነላቸውም። ተከሉት።

ኋላ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ጉድ ፈላ። ሲያለቅሱልኝ የነበሩት ሁሉ ሚኒባሴን ከበው በጎን በጎን ያዩኝ ጀመር። አንዱማ ፖሊስ ጋ ደወለ። ደሜ ፈላ።

«የአማቴ አጥር ላይ ነው የሰበርኳት! እሳቸውን ጠይቁ!» ብዬ ጮኽኩ።

ወዲያው አማቴ ተጠሩ። በዚህ ዓለም ላይ ያሉኝ ብቸኛ ምስክር እሳቸው ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲሰጣቸው ጊዜ ከሰርጋችን ጀመሩ። በሰርጉ ዕለት አርፍጄ መምጣቴን፣ ለመስቀል በቅቤ ያራሱትን የእንሰት ሙቿ ጠራርጌ በልቼ «እጅዎ ይባረክ» ሳልል መሄዴን፣ አንዱንም አላስቀሩም። እኔ ላቤ ጠብ ሲል በመጨረሻ «ሰው እንኳ አልገደለም» አሉ፤ «የኔን አጥር ግን ገድሏል።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። በዚህ መሃል ባጃጅ ቆመችና ትራፊክ ፖሊሱ ጥቁር ከለበሰች ወጣት ጋር ወረደ። የሟቹ ገበሬ ልጅ መሆኗን ነገረን።

ልጅቱ ከመሀረብ ውስጥ አባቷ ከወደቀበት የለቀመችውን የመብራት ስባሪ አወጣች። ተንበርክካ ከእኔ መብራት ስብራት ጋር ታገጣጥም ጀመር። እንዲህ ሞከረች፣ ገልብጣም ሞከረች። ንጹሕ መሆኔን እያወቅሁ እኔም አጎንብሼ አብሬያት አየሁ። የእሷ ስባሪ ወፍራም ነው፣ የእኔ መብራት ስስ ናት። አልገጠመም።

«አይደለችም» አለች።

አማቴ እልልታውን አቀለጡት። ድንኳኑ በሙሉ ተቀበላቸው፤ ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት ፖሊሱን ሳምኩት። ልጅቱ እልልታው እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ስባሪውን መሀረቧ ላይ መልሳ ቋጥራ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሌላ ነጭ መኪና ያለው ቤት በየት በኩል ነው?»

ለእኔ በቁሜ ያን ያህል በተለቀሰበት ደጅ ለአባቷ ያለቀሰ አንድም ሰው አልነበረም። አፈርኩ።