የማይጠፋው ክብ

የእህቴን ባል ሰፈሩም ጋራዡም የሚያውቀው «መስታወት» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ፖሊሽ ያደረገውን የመኪና በር እያዩ ጢማቸውን ይላጩ ነበርና። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መኪና ከማሸት ሌላ ሥራ አያውቅም። እህቴን ሊጠይቅ ቤታችን የመጣ ቀን እንኳ፣ አባታችንን ትቶ የአባታችንን መኪና ሲያይ ነው ያመሸው። «ይሄ ሰውዬ የመጣው ለየትኛዋ ነው?» ብዬ ከእህቴ ጥፊ ቀምሻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከሥራ ተባረረ። በአንድ ቀን የሚያልቀውን መኪና ሦስት ቀን ያሻል፣ «ጭረቱ አልጠፋም» እያለ የሰው ቀለም ይጨርሳል ተብሎ ነው። ለመነ፤ የሞት ሞቱን ለመነ። በመጨረሻ የጋራዡ ባለቤት ራራለትና «የራስህን መኪና ቤትህ ሥራ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጥቼ አያለሁ። ጭረቱ ጠፍቶ፣ ቀለሙም ደህና ከሆነ ሰኞ ትመለሳለህ» አለው።

የራሱ መኪና ጥቁር ናት፤ ጥቁር ቀለም ደግሞ ገመና አይሸፍንም። እህቴ ላግዘው ብላ በወለል ጨርቅ ስታሻት ከርማ፣ መብራት ሲበራባት በብርሃኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የሚዞር ጭረት ይታይባት ነበር። እሱን ለማጥፋት መጀመሪያ አቧራውን አጥቦ ማስለቀቅ ነው። ከዚያ ሻካራውን ቅባት ስፖንጁ ላይ አድርጎ በማሽን ቀስ እያሉ ማሸት፣ ጠርጎ በመብራት ማየት፣ በለስላሳው መድገም። ከቀለሙ በላይ ያለው ሽፋን ከወረቀት የሳሳ ስለሆነ፣ የት ላይ እንደሚቆም የማያውቅ ሰው ጭረቱን አጠፋለሁ ብሎ ቀለሙን ያጠፋል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ መስታወት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ ጋርዶ ጀመረ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብል ኮፈኑ አልቋል፤ ጎንበስ ስል የራሴን ሽበት ቆጠርኩበት።

«ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ!» አልኩት።

መብራቱን ወደ ኮፈኑ አስጠጋና «የቱ ነው የሚባረከው? ይኸው አልወጣም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ክቡ ነዋ! በመብራቱ ዙሪያ አይታይህም?»

ዓይኔን አሽቼ አየሁ። «ኧረ ምንም የለም።»

«አታባብለኝ፣ ልጅ አይደለሁም» አለና ሻካራውን ቅባት አነሳ።

ዓርብም ያው ነበር። ምግብ አልቀምስ አለ። እህቴ «አልቋል እኮ፣ አንተ ሰውዬ! በናትህ ተወው» ብትለው፣ «አንቺማ መጀመሪያውኑ ጨርሰሽኛል» አላት። በትዳራቸው ክፉ ሲናገራት ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ማሽኑ እያጓራ ነው። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ጥቁሩ ሄዶ ግራጫው የሥር ቀለም ወጥቷል። ቆሽቴ አረረ። የማሽኑን ሶኬት ነቀልኩና «ገደልካት!» ብዬ ጮኽኩበት።

«አሁንም አለ» አለ፤ ድምፁ እንደሚያለቅስ ሰው ነው። «ወደ የትም አልሄደም።»

በንዴት መብራቱን ከእጁ ነጥቄ ከጥላው ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። መስታወት ቀና ብሎ አምፖሉን አየ።

«እዚያም አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ክቡ። አምፖሉ ዙሪያ።» ዞር ብሎ በመስኮቱ በኩል የወጥ ቤቱን መብራት አየ። «እዚያም።»

በአምፖሉ ዙሪያ ከአየር በቀር ምንም የለም። ለእህቴ ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገባት፤ መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚታይህ?»

«እንጃ። ዓመት ይሆነዋል። መኪኖቹ ናቸው ብዬ ነው እኮ።»

«በል ተነስ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ እንሂድ» ስትለው የጋራዡ ባለቤት የመኪና ጥሩምባ ከበር ተሰማ። መስታወት ሸሚዜን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ዓይኑ ነው እንዳትለው። ሰንፎ ነው በለው። ሰነፍ ነገ ይጎብዛል ተብሎ ይታሰብለታል። ዕውር ማን ይቀጥራል?»

«ሰውየው እኮ ደግ ነው፣ ጋሼ፤ ብንነግረው…»

«በልጆችህ ይዤሃለሁ!»

የጋራዡ ባለቤት ገብቶ ግራጫውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። መስታወት አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። ሰውየው እሱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ሆኖ ነው? ሕመም ካለበት ንገረኝ፣ ልወቀው።»

እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እህቴን አየኋት፤ ፊቷን አዞረች።

«ሰንፎ ነው» አልኩ።

«እሱ? ሰንፎ?» አለ። ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። «እንግዲያው ምንም ላደርግለት አልችልም» ብሎ ወጣ።

ራሴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። መስታወት የውጭው በር መዘጋቱን እስኪሰማ ጠበቀ፤ ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ተባረክ» አለኝ።