ስሟ ያልተጠራው የስማዳ ሴት

አክስቴን ይታይሽን የማያውቅ ሁሉ «ነገረኛ» ይላታል። ነገረኛስ ናት! ጋይንት እንደሷ ያለ አሥር ነገረኛ ቢኖራት ምን ነበረበት።

በጠላት ጊዜ ነው። ጣሊያኖች አርበኞቹን የሚቀልበው ሕዝብ ይሸበር ብለው ዓርብ ቀን፣ የጋይንት ገበያ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ካውሮፕላን ቦምብ ጣሉበት። አክስቴ ያን ቀን ጌሾ ዘርግታ ነበር። አጠገቧ ባቄላ ልትሸጥ የመጣች የስማዳ ሴት ተቀምጣለች፤ አይተዋወቁም። አክስቴ «ውሃ ጠጥቼ እስክመጣ ዕቃዬን እዪልኝ» አለቻትና ወደ ወንዙ ወረደች። ቦምቡ አልፎ ስትመለስ ያቺ ሴት ሞታለች። ሃያ ሦስት ሰው አለቀ።

ጠላት ከወጣ በኋላ የሰበካችን ሰው በየዓመቱ በዚያው ቀን ጸሎት ያስደርግላቸው ጀመር። መምሬ ወልደ ሩፋኤል የሟቾቹን የክርስትና ስም አንድ ባንድ ይጠራሉ። የስማዳዋ ሴት ዘንድ ሲደርሱ ግን «ስሟን አንተ የምታውቃት» ብለው ያልፋሉ። ማን ይንገራቸው!

በሦስተኛው ዓመት አክስቴን አላስችላት አለ።

«መምሬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚዘሏት?»

«እግዜር ያውቃታል፣ ልጄ።»

«እግዜርማ ያውቃታል! እኛ ነን ያላወቅናት።»

በነጋታው ስንቋን ቋጥራ ስማዳ ሄደች። ባሏ ደምሌ «አበደች» አለ፤ ይበል። እዚያ ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ቆማ ያገኘችውን ሁሉ «ያን ዓርብ ወጥታ የቀረች ሴት ታውቃላችሁ?» እያለች ጠየቀች። በሁለተኛው ሳምንት የሟችን እናት፣ እመት ካሣነሽን፣ አሳዩአት።

እመት ካሣነሽ ግን እርም አላወጡም። ሬሳዋን አላየሁም ብለው ስድስት ዓመት ሙሉ አልቅሰውላት አያውቁም። ስሟን ለጸሎት ከሰጡ መሞቷን አመኑ ማለት ነው።

«ልጄ አንድ ነገር ይዟት ነው፤ ትመጣለች» አሏት።

አክስቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አትመጣም፣ እመት። ዕቃዬን እዪልኝ ብዬ እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። በነጠላዬ ገንዤ ያስቀበርኳትም እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ። አክስቴ ባዶ እጇን ተመለሰች። ስንት ቀን እህል አልቀምስም አለች፤ ዝም ብላ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። አንጀቴን በላችው።

ዓመቱ ዞሮ ቀኑ ደረሰ። መምሬ ስሞቹን ጠርተው ጠርተው ያችው ሴት ዘንድ ሲደርሱ «ስሟን አንተ...» ብለው ጀመሩ። ያኔ አንዲት አሮጊት ዘንጋቸውን ተደግፈው በሴቶች በር ገቡ። ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው!

«አመተ ማርያም በሉ» አሉ።

መምሬ ስሟን ጠሩት። እመት ካሣነሽም እሪ ብለው አለቀሱ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። እኔ እያለቀስኩም ኮራሁ፤ ምን ልደብቅ፣ ይህን ያደረገችው አክስቴ ናት!

ልቅሶው በረድ ሲልላቸው አሮጊቷ አክስቴን አንገቷን አቀፏት።

«ሜዳ ቀርታ አውሬ የበላት እየመሰለኝ ነው እንቢ ያልኩት» አሏት። «ለካ የገነዛት ሰው ነበራት።»