እንግሊዝኛ ያጠናንበት ክፍል

ፖሊሶች የያዙኝ ከማጠናከሪያ ትምህርት ስመለስ፣ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ስልኬን ተቀብለው፣ ስለታሰሩ የክፍሌ ልጆች ለጓደኛዬ የጻፍኩትን አነበቡና "ግቢ" አሉኝ፤ መኪናው ውስጥ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ደርሶ ነበር።

የጣቢያው የሴቶች እስር ክፍል ድሮ ዕቃ ቤት የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ኮንጋ በሚባል ቀበሌ ቡና ማጠቢያ የሚሠሩ እናት ናቸው። ሁለተኛዋ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ፤ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስተው "ተማሪዎቹ ይፈቱ" ስላሉ ነው የገቡት።

መጀመሪያ አካባቢ ምግብ አልወርድ አለኝ። የበሩ ቁልፍ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ወደ ጥጉ እሸሻለሁ። መምህርቷ አንድ ቀን ጠጋ አሉና፣

"ፈተናው ላይ የቱ ይከብድሻል?" አሉኝ።

"ቮካቡላሪ፣ ቲቸር።"

"ቃል ለብቻው አይያዝም። ከነዘመዶቹ ነው።"

ወረቀት የለን፣ በሹክሹክታ ጀመርን። ዲሳይድ ግስ፣ ዲሲዥን ስም፣ ዲሳይሲቭ ቅጽል። እሳቸው ይጠሩልኛል፣ እኔ ዘመዱን አመጣለሁ። የኮንጋዋ እናት በሩ ሥር ተቀምጠው ኮቴ ያዳምጡልናል። አማርኛ የለመዱት በትልቅነታቸው ስለሆነ እኔን እንደ ወንድ ነው የሚያናግሩኝ።

"ዝም በል ልጄ፣ መጣ!" አሉ አንድ ቀን ከሰዓት፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ፍሪ፣ ፍሪደም፣ ፍሪሊ ላይ ነበርን። ጠባቂው በሩን በርግዶ፣ "ፍሪደም ያለው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ መምህርቷ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ወሰዷቸው። ወዲያው ዝናብ ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲንጋጋ ከማዶ ያለው ድምፅ ሁሉ ተዋጠ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ምንም አልሰማሁም። መስማቱንም አለመስማቱንም ፈራሁት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

መርማሪው አልጮኸም። እንዲያውም ወንበር ሳበልኝ። ይሄ የባሰ አስፈራኝ።

"ፈተናሽ ሰኞ ነው አይደል፣ እህቴ? አባትሽ በር ላይ ናቸው። ያቺ አስተማሪ 'ሕዝብ ይነሳ' እያለች ትቀሰቅሰን ነበር ብለሽ ቃልሽን ስጪ። አሁኑኑ ከሳቸው ጋር ትሄጃለሽ።"

በመስኮቱ አባቴን አየሁት፤ በዝናቡ ውስጥ፣ ጃንጥላውን አጥፎ ይዞ ቆሟል። መዘርጋቱንም የረሳው ይመስላል። መሄድ ፈለግሁ። እንደዚያን ቀን የፈለግሁት ነገር የለም።

"ቃላት ነው ያስተማሩኝ" አልኩ።

"የምን ቃላት?"

ከዲሳይድ ጀምሬ አንድ በአንድ ወጣሁለት። "ፍሪደም ደግሞ ስም ነው" ስል እስክሪብቶውን አነሳ።

"የማን ስም?"

"የማንም አይደለም፣ ጌታዬ። የሰዋስው ነው።"

እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። "ፈተናው ያልፍሻል፣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ስመለስ መምህርቷ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ ከንፈራቸው አብጧል።

"ምን ጠየቁሽ?"

"ቮካቡላሪ።"

ሳቁ፤ ወዲያው አመማቸውና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። የኮንጋዋ እናት ብርድ ልብሳቸውን ለሦስታችን ዘረጉት።

ፈተናውን የወሰድኩት ከተፈታሁ በኋላ፣ በዓመቱ ነው። አሁን እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የአባቴን ሱቅ እጠብቃለሁ። ለምን በዚያ ቀን እንዳልወጣሁ አልነገርኩትም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ሱቃችን ገቡ። ከተፈቱ በኋላ ወደ ይርጋጨፌ አዛውረዋቸዋል፤ ሳሙና ሊገዙ ነበር የመጡት። አባቴ ድምፃቸውን ሰምቶ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና ጎንበስ አለ። የሚያውቀውን ከማን እንደሰማ እንጃ።

ፍርሃቱ አለቀቀኝም፤ ይለቀኛል ብዬም አልጠብቅም። ያን ቀን የተባልኩትን ብዬ ወጥቼ ቢሆን ግን፣ እሳቸው ከበሩ ሲገቡ እኔ በጓሮ በር ነበር የምወጣው።