የእማዋይሽ ጥያቄ በወረታ አዳራሽ

ወረታ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ እማዋይሽ ገብረ ኪዳን የገበሬውን ኬሻ ተራ ስታስይዝ ትውላለች። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ሁሉም ዓይኑን ከገለባው ብናኝ እየከለለ በእጅ ምልክት ነው የሚግባባው። መብራት ሲጠፋ ግን ቤቱ ድንገት ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ገበሬው ኬሻው ላይ አረፍ ይልና ጨዋታ ይጀመራል። እማዋይሽ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ በመጠየቅ ግን የሚያህላት የለም።

አንድ ቀን እንዲሁ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ከይፋግ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ሩዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው የገባ ዕለት የሆነውን አወሩ።

«አባቴ ከረጢት ሙሉ ይዞ መጣ። እናቴ ምንነቱን ስላላወቀች ወስዳ ለዶሮ በተነችው። ዶሮዎቹም እንግዳ ነገር ሆነባቸው መሰል፣ ሸሹት!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማዋይሽ ግን ጠጋ ብላ «ከዚያስ አባቴ?» አለች።

«ከዚያማ አባቴ መጥቶ አየና ተቆጣ።»

«ከዚያስ? እናትዎ ምን አሉ?»

ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራቱ መጣ፤ ማሽኑም ጮኸ። ሩዛቸው ተፈልፍሎ፣ በአህያ ተጭኖ፣ እሳቸውም ሄዱ። እናታቸው ያሉት ነገር ሳይነገር ቀረ።

እማዋይሽን እንቅልፍ የነሳት ይኸ ነበር። ያች ሴት ምን ብላ ይሆን? ደግሞስ እንዴት እንደሚበላ ማንም የማያውቀውን እህል በማግሥቱ ምን አደረገችው? የሚነግራት ሰው ስታጣ ራሷ መፍጠር ጀመረች። ለምሳ በምትወጣበት ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ገበሬው ከሜዳው መውጣት በሚያቅተውና ወፍጮው ጭር በሚልበት ክረምት ጻፈች። በጽሑፏ ውስጥ የሽማግሌው እናት አማት ሆነች፤ ከጎኗም ሰርክ የምትባል አዲስ ሙሽራ ተፈጠረች። ባል ሩዝ ይዞ ይመጣል፣ አማት «ሥሪው» ትላለች፣ መንደሩ በሙሉ የሙሽራይቱን እጅ ያያል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጽሑፉ መጽሐፍ አከለ።

ያነበበችላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሠርካለም። የልብ ወዳጇ ናት። አንድ ቀን ሠርካለም ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጣችና በማሽኑ ጩኸት መሃል ውጭ እንድትወጣ በእጇ ጠራቻት።

«ስሚ፣ ከባሕር ዳር መጽሐፍ አሳታሚዎች ሊመጡ ነው። ያልታተመ ጽሑፍ ያለው ሰው ሁሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ሥራውን ለሕዝብ ያስተዋውቃል። የወደዱትን ወስደው ያያሉ።»

«ጥሩ ነዋ። ማን ማን ይቀርባል?»

«አንች ነሻ!»

እማዋይሽ ሳቀች። «እኔ? ማይክ ይዤ? ወረታ ሕዝብ ፊት?»

«ምን አለበት?»

«አንብቡልኝ ማለት አንድ ነገር ነው። እኔ የጻፍሁት ጥሩ ነው፣ አትሙልኝ ብዬ አደባባይ መቆም ግን… ኧረ ሠርኬ፣ አፌ ይተሳሰራል።»

ማታ እራት ላይ ለአባቷ ለቄስ ገብረ ኪዳን ነገረቻቸው። ቄሱ በአጥቢያቸው ሲያገለግሉ ያረጁ፣ ከራሳቸው በፊት የሌላውን ስም ማስቀደም የለመዱ ሰው ናቸው።

«ምን ልትያቸው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን ነው የማላውቀው፣ አባባ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?»

«እኔማ አልወጣም ነበር» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ሥራዬን እዩልኝ ማለት ለእኛ ቤት ሰው ይከብዳል። ክፉ ነው ግን አልልሽም። አልለመድነውም እንጅ።»

እማዋይሽ ሐሳቧን ልትተው ምንም አልቀራትም ነበር። የመለሳት አንድ ነገር ነው። ሠርካለም ጽሑፉን ቀደም ሲል ወስዳ ቤቷ አንብባ መልሳዋለች፤ ሳቅኩ፣ አዘንኩ ብላ ነገረቻት። እማዋይሽ ግን ስትስቅ አላየቻትም። የጻፈችውን ነገር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ፊቱ ምን ይመስላል? የትኛው ቃል ላይ ቀና ይላል? የትኛው ላይ ይደብረዋል? ይህን ለማየት ከመድረኩ ሌላ መንገድ አልታያትም። ሄዳ ስሟን አስመዘገበች።

ዕለቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ በተማሪ፣ በመምህር፣ ከገበያ መልስ ጥላ ፍለጋ በገባ ሰው ሁሉ ተሞልቷል። ከፊት ሦስት አሳታሚዎች ተቀምጠዋል፤ ዋናው አቶ የኋላሸት የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ከእማዋይሽ በፊት የወጣው ወጣት መምህር ግጥሞቹን አንድም ቃል ሳይስት በቃሉ አነበነበና በጭብጨባ ወረደ።

እሷም ንግግር አጥንታ ነበር። «ይህ ልብ ወለድ የአካባቢያችንን ባህልና ታሪክ የሚያንጸባርቅ…» ብሎ የሚጀምር ነው። ማይኩን ስትይዝ ጮኸባት፤ ያ ሁሉ ጥናት ብን ብሎ ጠፋ። ፊቶቹን አየች። ስልኩን የሚጎረጉር አለ፣ የሚያዛጋ አለ። ከፊት ረድፍ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አሮጊት አፋቸውን በጥቂቱ ከፍተው ያይዋታል። ያን ጊዜ ወፍጮ ቤት መብራት ሲጠፋ የምታደርገውን አደረገች። ጠየቀች።

«በእናንተ ቤት ሩዝ መጀመሪያ የሠራው ማነው?»

የመድረኩ መሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ወዲያው ነጠላ ያጣፉት አሮጊት እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ!» አሉ። «ከነገለባው ቀቀልሁት! ሳወጣው ሳወጣው አልበስል አለኝ፤ ባሌ ጠጠር ነው የሰጡን ብሎ ሊመልሰው ተነሣ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ ተነሥቶ አያቱ እንደ ጤፍ ፈጭታ ያቦካችው እንጀራ ምጣዱ ላይ እንዴት እንደተፈረካከሰ አወራ። አንዲት መምህርት ልጆቹ ትል መስሏቸው እያለቀሱ ከገበታ እንደተነሡ ተናገረች። ስልኮቹ ወደ ኪስ ገቡ። እማዋይሽ የመጣችበትን ሁሉ ረስታ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ትል ጀመር።

የመድረኩ መሪ ሰዓቱን አሳያት። ደነገጠች። ስለ መጽሐፏ ገና አንድ ቃል አልተናገረችም!

«እኔ የጻፍሁት» አለች በጥድፊያ፣ «ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ስለነበረች ሙሽራ ነው። ሥሪው ተባለች። እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። ቢበላሽ የምትወቀሰው ግን እሷ ናት።»

አቶ የኋላሸት መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ሙሽራዋ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ሩዙን አሳምራ መሥራት።»

«እሱማ የአማቷ ፍላጎት ነው። እሷስ?»

እማዋይሽ ያን ሁሉ ወራት ከሙሽራዋ ጋር ስትኖር ይህን አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«አላውቅም» አለች።

«እኔም ማወቅ ፈልጌ ነው። ስታገኝው ይዘሽልኝ ነይ።»

የዚያን ዕለት የተመረጠው የመምህሩ የግጥም ሥራ ነበር። ሠርካለም በንዴት እስከ መውጫው ድረስ አጉረመረመች። «ሕዝቡን ያስነሣሽው አንች፣ የሚመርጡት ሌላ!» አለቻት። እማዋይሽ ግን ጆሮም አልሰጠቻት። ሙሽራዋ ሰርክ ምንድን ነው የምትፈልገው?

ጥያቄው ሳምንታትን አብሯት ዋለ። የልቅሶ ቤት ሴቶችን ስትታዘብ፣ ገበያ ስትሄድ፣ አዲስ ያገባች በምታይበት ሁሉ ዓይኗ ከፊቷ አይነቀልም ነበር። መልሱ የመጣው ከዚያው ከወፍጮ ቤቱ ነው። አንዲት ወጣት ሚስት ከሩቅ ቀበሌ ሩዝ ይዛ መጣች። ተራዋ ሲደርስ ለኋለኛው ሰጠች። እንደገና ሲደርስ እንደገና ሰጠች።

«ምነው እህቴ፣ አትቸኩይም?» አለቻት እማዋይሽ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም።

ልጅቱ ፈገግ አለች። «የተወለድሁበት መንደር ሰው በዚህ በኩል ያልፋል። ስለ እናቴ ወሬ የሚነግረኝ ባገኝ ብዬ ነው። ካገባሁ ወዲህ አላየኋትም።»

መብራት መጥቶ ማሽኑ ሲጮህ እማዋይሽ ቆማ ቀረች። ሰርክም የምትፈልገው ይኸው ነው! ከወንዛዬ ፍል ውኃ ማዶ ተድራ የመጣች ልጅ ናት፤ እናቷ ናፍቃታለች፤ ሂጅ የሚላት ግን የለም። እና ሩዙ ሲመጣ ምን ትላለች? «እናቴ ታውቅበታለች፣ ሄጄ ተምሬ ልምጣ» ብላ ትዋሻለች። እናቷ ግን ሩዝ የሚባል ነገር በዓይኗም አይታ አታውቅም። እማዋይሽ ከግማሽ በላዩን ቀድዳ እንደ አዲስ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ጽሑፍ ብትልክላቸው፣ አቶ የኋላሸት ባሕር ዳር በሚያዘጋጁት የንባብ ምሽት እንድትቀርብ ጋበዟት። የሐሙሲትን ከተማ አልፋ ባሕር ዳር ደረሰች። አንድ ጊዜ ወጥቼበታለሁና አሁን ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። መድረኩ ላይ ወጥታ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀች። «በእናንተ ቤት ሩዝ መጀመሪያ የሠራው ማነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እዚህ ያለው ሰው ሩዝን ከሱቅ ገዝቶ የሚያውቅ ነው፤ አንድም እጅ አልወጣም። የወረታው ሳቅ የለ፣ የሚያድናት አሮጊት የለ። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችና ሌላ መንገድ ሞከረች።

«አንዲት ሴት ነበረች» አለች፤ «እናቷን አንድ ቀን ለማየት ብላ፣ እናቷ የማታውቀውን ነገር ታውቃለች ብላ የዋሸች።»

የተንቀሳቀሰ ወንበር አልነበረም። የሳቀም የለም። ጨርሳ ስትወርድ ወደዱት ወይስ ሰለቹ፣ ሊገባት አልቻለም። ወደ ወረታ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ ዝምታ ስንት ዓይነት ነው?

መጽሐፉን አቶ የኋላሸት ወሰዱት። መሃሉ ረዝሟል ብለው ብዙ ገጽ እንድታወጣ ጠየቋት፤ የሚበዛውን እሺ አለች፣ ጥቂቱን ተከራክራ አስቀረች። አሁን ማተሚያ ቤት ገብቷል። በቅርቡ ስለ ምርቃቱ ሲደውሉላት «መጽሐፉን የሚያስተዋውቅልሽ የታወቀ ሰው እንጋብዝ?» አሏት።

«እኔው እወጣለሁ።»

«አይከብድሽም?»

«ይከብደኛል» አለች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ እያዞረች። «ግን ሌላ ሰው ቆሞ እኔ ከጎን ሆኜ የሰሚዎቹን ፊት እንዴት አያለሁ?»

ስልኩን ዘግታ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ለምርቃቱ ፈቃድ ልትጠይቅ ገባች። ማሽኑ እየሠራ ስለነበር የምትፈልገውን ቀን በጣቷ ቆጥራ አሳየችው።