መንገድ ላይ የወጣ ኪቦርድ

ከቆቦ የወጣሁት መግሪብ ላይ ነው፤ ያውም ለጎረቤቱ ሁሉ «ኑሩ ለሠርግ ዋጃ ሄዷል» ከተባለ በኋላ። ዋጃ በሰሜን ነው፣ እኔ የምሄደው ወደ ደቡብ። አባቴ እንዲህ ነው። መናኸሪያ ላይ ሰው እንዳያየኝ በባጃጅ ሮቢት ድረስ ወስዶ፣ እዚያ ከመንገድ ዳር ሚኒባስ አስቁሞ አሳፈረኝ። ሰው የሰማው መንገድ አይቀናም ባይ ነው። ሲሰናበተኝም እንደ ሌላው አባት ዱዓ አላስቀደመም፤ መጀመሪያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እንዳትረሳ» አለኝ፣ ከዚያ ነው እጁን ዘርግቶ የመረቀኝ።

በአባቴ አትፍረዱበት። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ በጽሕፈት መኪና ለሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ነው። ከሳሽም ይዋሸዋል፣ ተከሳሽም ይዋሸዋል። በድንበር የተጣላው፣ በበሬ የተካሰሰው፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችው ሁሉ እሱ ፊት ቁጭ ብሎ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ያወራል። ይህን ሲሰማ የኖረ ጆሮ ማንን ያምናል? እኔም ከእሱ ወርሼዋለሁ፤ በረሃውንና ባሕሩን ያሻገረኝም ይኸው ጥርጣሬ ነው። ስለ ባሕሩ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የተሻገራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልተሻገራችሁ ባታውቁት ይሻላችኋል።

ጀርመን ስገባ አንዱ ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«አባትህ ሥራው ምንድን ነው?»

«አቤቱታ ይጽፋል።»

«በማን ላይ?»

«ደንበኛው በለው ባለው ላይ።»

«መንግሥትን ይቃወማል ማለት ነው?»

«ኧረ አይቃወምም። ሰዎቹ ጎረቤታቸውን ነው የሚቃወሙት፣ በአጥር።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠው። ሹሙ ግን ይጽፋል፣ ይጽፋል። እኔ አንድ ቃል ስናገር እሱ ይህን ሁሉ የሚጽፈው ምኑን ነው እያልኩ ስንት ወር ተብሰለሰልኩ። ብቻ የመኖሪያ ፈቃዱ ተሰጠኝ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የመደርደር ሥራም አገኘሁ፣ ከአንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራየሁ።

እዚህ አገር የሚከብደው ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ዝምታውም ነው። «ሩሄ» ይሉታል። ከምሳ በኋላ ሩሄ፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ ሩሄ። የእኛ ሰው ማሽላውን ከወፍ እንደሚጠብቅ እነሱ ዝምታቸውን ይጠብቃሉ። የባጃጁ ጡሩምባ፣ የወፍጮው ድምፅ፣ የገበያው ጫጫታ በሕልሜ ይመጣብኝ ጀመር፤ የቆሎና የእሸት አምሮቱንማ ተዉት።

በዚህ መሀል እህቴ አሚና ደወለች። የጽሕፈት መኪናው ቀለም ከገበያ ጠፍቷል፣ ፍርድ ቤቱም በኮምፒውተር ያልተጻፈ አልቀበልም ብሏል። አባቴ እሷ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ሊሠራ ሞከረ። የፊደሉን ቦታ ለመደው፣ ኪቦርዱን ግን ጣቱ አላመነውም። ለስላሳ ነው፤ ፊደሉ ይግባ አይግባ አይታወቀውም። ተጠራጥሮ ደግሞ ይጫናል፣ ፊደሉ ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ ደንበኛ ይስቃል። ተወውና ቤት ገባ።

«አባ እየጠፋብን ነው» አለችኝ አሚና። «በቀን ይተኛል። ብታናግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።»

እንግዲህ የሚንኳኳ፣ ሲጫኑት የሚመልስ ኪቦርድ ፍለጋ ጀመርኩ። የዛሬው እንዲህ አይንኳኳም አሉኝ ሻጮቹ፤ የድሮውን ፈልግ።

የዚህ አገር ሰው የማይፈልገውን ዕቃ በካርቶን አድርጎ ደጁ ላይ ያወጣል፣ «ዙ ፈርሼንከን» ብሎ ይጽፍበታል፤ በነፃ ውሰዱ ማለት ነው። የአገሬ ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ትወስዳላችሁ? እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ዶሮ ወይም ዕቃ በራሱ ላይ ያዞሩና ጦሱን ይዞ ይሂድ ብለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጥሉታል። ያንን ያነሣ ሰው በሽታውንም አነሣ። ስለዚህ ካርቶን ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገር ነበር። ደህና ድስት፣ ደህና ጫማ እያየሁ፣ ይኼ በደህና አልወጣም እላለሁ።

አንድ ቀን ግን ከካርቶኑ አፍ ላይ ቢጫ የሆነ ወፍራም ኪቦርድ አየሁ። በእጄ አልነካሁትም። በጃንጥላዬ ጫፍ አንዱን ፊደል ተጫንኩት፤ ቀጭ አለ። የአባቴ ድምፅ ነው። ቢስሚላህ ብዬ አነሣሁትና ከክፉ የሚጠብቀውን አየተል ኩርሲ እየቀራሁበት ቤት አስገባሁት።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ አጠብኩ፣ ፎጣ ላይ አሰጣኋቸው። ሥር ሥራቸውን በጣቴ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ አከራዬ በሩን አንኳኩታ ገባች።

«የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«ኪቦርድ።»

«ኪቦርድ አይጮህም።»

«የድሮ ነው።»

«ለምን አዲስ አትገዛም?»

«አዲሱ አይጮህም።»

ፎጣው ላይ የተሰጡትን ፊደሎች አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ወዲያ የተጠረገውን ኮሪደር በሬ ፊት ለፊት ደጋግማ መጥረግ ያዘች።

አንዳንዶቹ ፊደሎች ይጣበቁ ስለነበር ሽማግሌዎች የተሰበረ ዕቃ በነፃ የሚጠግኑበት ቦታ ወሰድኩት። አንዱ ሽማግሌ ገና ሲያነሣው ፊቱ በራ። በየፊደሉ ሥር ያለውን ሞላ አሳየኝና፣ «ስጠኝ፣ ሁለት አዲስ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ሁለት ባንድ! ይኼኔ ወርቅ አለበት ብዬ ከእጁ ቀማሁት። ስቆ መልሶ ተቀበለኝና አጽድቶ ሠራልኝ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካበትን ገመድም ጨመረልኝ። ቤት ገብቼ ግን አንድ ነገር አጉድሎበት እንደሆነ ብዬ ፈትቼ አየሁት።

ወደ ወልድያ የምትሄድ ልጅ ተገኘች። እሷም የሰው አደራ ትጠራጠራለች፤ «ኪቦርድ ይሄን ያህል ይከብዳል?» ብላ ካላስፈታችኝ አልያዘችልኝም።

ቆቦ ደረሰ። አባቴ ገለባብጦ አየውና ስልኩን ከአሚና ተቀበለ።

«ፊደሉ ተፍቋል። ይሄን ሌላ ሰው ሲጽፍበት ኖሯል። ማነው?»

«አላውቀውም አባ። መንገድ ላይ ወጥቶ አገኘሁት።»

«በምን ታሞ እንዳወጣው ጠይቅና ንገረኝ» ብሎ ዘጋው። ኪቦርዱን በፌስታል አስጠቅልሎ ከግቢው ጥግ፣ የማሽላ አገዳው ላይ አስቀመጠው። እሱም ተመልሶ ተኛ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቴም ተኝቷል አሉኝ።

ምን ላድርግ? ያነሣሁበት ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። አንዲት ሴት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተች። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ «የኪቦርዱ ባለቤት ሞተ? በምን ታመመ? ይተላለፋል?» አልኳት።

«ፖሊስ ልጥራ?» አለች።

ጣቶቼን አየር ላይ እያንቀሳቀስኩ የመጻፍ ምልክት አሳየኋት። ፊቷ ላላ። የአባቷ ነው። ጤነኛ ነው፣ አርጅቶ ነው እንጂ። «አልተርስሃይም» አስገብታዋለች፤ ሽማግሌዎችን ደሞዝተኛ የሚጦርበት ቤት ነው። ቤቱን እሷ ከልጆቿ ጋር ይዛዋለች፤ እሱን እሑድ እሑድ ትጠይቀዋለች።

«አሁንም ይሠራል?» አለችኝ፣ ኪቦርዱን ማለቷ ነው። ይሠራል ስላት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አባቱን አውጥቶ ከቤቱ የሚቀመጥ ልጅ! እያልኩ እየተቆጣሁ ተመለስኩ። ለአባቴ ልዋሽ አሰብኩ፣ ግን ለእሱ ስንቱ ዋሽቶ ተይዟል። ደውዬ አሚናን «አባን ቀስቅሺልኝ» አልኳት።

«አባ፣ ሰውየው አለ። አልታመመም።»

«ታዲያ?»

«አርጅቶ ነው። ልጁ ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት አስገባችውና ዕቃውን አወጣችው።»

«ልጁ የት ነው ያለችው?»

«እዚያው ከተማ። እሑድ እሑድ ትጠይቀዋለች።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

«ፊቷን ያያል?»

«ያያል አባ።»

«እንግዲያ እሱ ከእኔ ይሻላል» አለ። «የእሱ ጦስ እኔን ምን ሊጨምርብኝ? አሚና፣ አምጪው።»

የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፣ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ፊደል ቀጭ አለ፤ ቆየና ሌላ። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ብዙ መጣ፣ ልጅ ሆኜ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከእግሩ ሥር ተቀምጬ የምሰማው ፍጥነት። መቼ እንደምመጣ አልጠየቀኝም።

«አባ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አልኩት በመጨረሻ።

«ገና አልተሰካም» አለኝ፤ መጻፉን ግን አላቆመም።